ያልተሰበረ ብርጭቆ

ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ የኩሽናው ቆሻሻ መጣያ ተናገረ።

«ያልተሰበረ ብርጭቆ ነው። ይጣል?»

አቶ ዘርጋው ዙሪያውን ቃኘ። ማንም ያለ አልመሰለውም። «ይጣል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መጣያው ግን በወይራ በር ከተማ እንዳሉት መጣያዎች ሁሉ ነገሩን ሳያረጋግጥ አይሠራም። «ብርጭቆው ደኅና ነው፤ ስንጥቅም የለውም። ይጣል?» ሲል ከመጀመሪያው ጮክ ብሎ ጠየቀ። ዘርጋው እንዳይደግመው ፈርቶ የመጣያውን ማረጋገጫ ሰሌዳ በመዳፉ ተጫነው። ብርጭቆው ከውስጥ ሲደቅ ተሰማ። ዘወር ሲል ልጁ ትንግርት በሩ ላይ ቆማለች።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ የጠጡባቸው ብርጭቆዎች መታጠቢያው ውስጥ ተቀምጠዋል። ትንግርት እነሱን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ትንግርት ናሁሰናይ የሚባል ልጅ ከወደደች ቆይታለች። ናሁሰናይ የከተማውን አውቶቡሶች የሚመድብ ሰው ነው፤ የትኛው በየት በኩል ይሂድ፣ የትኛው ጋራዥ ይግባ የሚለውን ይወስናል። ይህ ነው የሚባል ዝና የለውም፣ ክፉ ስምም የለውም። ሲስቅ ትንሽ ያበዛዋል እንጂ ሌላ የሚወጣለት እንከን አልነበረም። እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ሊልክ አስቦ አንደኛው ጠዋት ስለታመመበት፣ ሽማግሌዎቹ ጎደሎ ሆነው ከመምጣት ብለው የልጁን አባት አቶ ቀጸላን በቦታው ይዘው መጡ። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም። ዋና ተናጋሪው ጋሽ ደጉም ገና ሳይቀመጡ ይህንኑ አንስተው ይቅርታ ጠየቁ። ዘርጋው «ምን ችግር አለው፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብሎ አስቀመጣቸው። ሚስቱ ወይዘሮ ብርነሽ ውሃ አቀረበች። ወጡ ተሠርቶ፣ ማዕዱ ተሰናድቶ ጓዳ ይጠብቃል።

ከዚያ ሁሉም መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

ቆጣሪ ጠረጴዛ የሌለው ቤት ዛሬ የለም። መጀመሪያ የመጣው ለጤና ነበር። ድሮ ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ዘመድ እንዳይሆኑ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር። ሰው ወደ ከተማ ፈልሶ አያቱንም መቁጠር ሲያቅተው ሥራውን ጠረጴዛው ተረከበው። ዘመዳሞች ከሆኑ ቀይ ያበራል፣ ካልሆኑ አረንጓዴ። ጥቂት ቆይቶ፣ በሁለት ሺህ ሰባዎቹ አካባቢ፣ የቅርስ መሥመር የሚባል ተጨመረበት። የእያንዳንዱ ቤት አያት ቅድመ አያት ምን ሠርቶ ይኖር እንደነበር በቡናማ ብርሃን ይጻፋል፦ ገበሬ፣ ካህን፣ ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ ባለ እጅ። ሰው በአባቶቹ ሙያ ይኩራ ተብሎ ነው። በመሥመሩ ምክንያት ማንንም የከለከለ ሕግ የለም። ሰዎች ካፌ ተቀምጠው አንዳንድ ቃል ጠረጴዛው ላይ ሲበራ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ብድግ ማለት ለመዱ፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

የዘርጋው ጠረጴዛ አረንጓዴ አበራ። ጋሽ ደጉ ተመስገን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ከሥሩ ቡናማው ተከተለ። የናሁሰናይ አራተኛ ቤት፦ ባለ እጅ፣ ብረት ቀጥቃጭ።

ጋሽ ደጉ ሳል ያዛቸው። ቀጸላ መዳፉን ቀስ ብሎ አነሳና ከፊቱ ያለውን ውሃ እስኪያልቅ ጠጣው። ዘርጋው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢያንስ ራሱን እንደዚያ አድርጎ አይቶ አያውቅም። «ቡዳ» የሚለውን ቃል በቤቱ ውስጥ ያነሳ ሰው ቢኖር ይቆጣ ነበር። ነገር ግን አንገቱ ሥር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ሲወርድ ተሰማውና፣ ማዕዱን ልታቀርብ ብቅ ላለችው ሚስቱ በዓይኑ ተመለሽ አላት።

«መልካም ነው» አለ። «እናስብበት። ልጅቷም ትምህርቷን ትጨርስ።»

ልጅቷ ትምህርቷን ከጨረሰች አራት ዓመት አልፏታል፤ ራሷ አስተማሪ ናት። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ እህል ሳይቀምሱ ተነሡ። ቀጸላ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ዘርጋውም አጸፋውን መለሰ። ከዚያ ወደ ኩሽና ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትንግርት ማዕድ ላይ አትቀመጥም። ኩሽና ቆማ ትበላለች። ውሃም የምትጠጣው ከትምህርት ቤት ይዛ በመጣችው የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ጠጥታ ስታበቃ ራሷ አጥባ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ብርነሽ አንድ ቀን «ኧረ ልጄ፣ ተይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» ብትላት፣ «እናንተን እንዳላስቸግር ብዬ ነው እማዬ» አለች፣ ያለ ምንም ቁጣ። ዘርጋው ይህን ከሳሎን ሰማ። ቢሆንም ለሽማግሌዎቹ መልስ አልላከም።

ዘርጋው የሚሠራው ዳግም ቤት ነው። በዳግም ቤት ትልቁ ግድግዳ ላይ ዓለም በሙሉ ትታያለች፤ ፋብሪካ ገና ያልተወለደበት ዘመን ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተቀይሮላት እንደገና ትለቀቃለች። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። የፋብሪካ ጭስ መጀመሪያ ከየት ይነሳል? ምንም ሳይቀየርባት ስትለቀቅ ጭሱ ከአንዲት ዝናባማ ደሴት ይነሳል፣ ወደ ጎረቤቶቿ ይዛመታል፣ ባሕር ይሻገራል። እኛ ጋ ሲደርስ ሌላው ዓለም ጭሱን ማጥፋት ጀምሯል። ተማሪዎች በአውቶቡስ እየተጫኑ የሚመጡት ይህን ሊያዩ ነው። ጭስ አይተው አያውቁም። የወይራ በር ፋብሪካዎች የሚተነፍሱት ቀለምም ሽታም የለውም።

ዘርጋው አስጀማሪ ነው። ማንኛውም ዜጋ ተራ ይዞ አንድ ለውጥ መጠየቅ ይችላል፤ ዘርጋው ይሞላል፣ ያስነሳል፣ የሆነውን ያሳያል። አብዛኛው ሰው ለአገራችን ድንጋይ ከሰል ይጠይቃል። ይሰጠዋል። ከሰሉ የሚፈልገው ሳይመጣ ከተራራው ሥር እንደተኛ ዘመኑ ያልፋል። ወደብ የጠየቁም አሉ። በወደቡ ሸቀጥ ይገባል፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፣ የሸማኔው ገበያ ይወድቃል። አንድ ጡረተኛ «ደሴተኞቹን ሰነፍ አድርግልኝ» ብለው፣ ጭሱ ከጎረቤቶቻቸው ሲነሳ ተናደው ወጡ። አንዲት ሴት ደግሞ ሰው በሰንሰለት ጭነው ስኳርና ጥጥ ይዘው የሚመለሱትን መርከቦች አስቆመች። ደሴቲቱ ላይ ጭሱ ዘገየ። ሴትዮዋ አለቀሰች። እኛ ጋ ግን ጭሱ እንደዘገየ ነው። የጦርነቱን ዘመን ማሳጠር ትንሽ ይረዳል። የገበሬውን ግብር ማቅለልም ትንሽ ይረዳል። ትንሽ ትንሽ የሚረዳ ነገር ሞልቷል።

ያን ሰሞን የኢንዱስትሪ በዓል ደርሶ ነበር። የዓመቱ ርዕስ «ለምን ዘገየን?» የሚል ነው። ከጥያቄዎቹ ጭሱን ወዲህ ያቀረበው ተመርጦ በከተማው ስክሪን ሁሉ ይታያል ተብሏልና ተራ የሚይዘው ሰው በዝቷል። ዘርጋው አንገቱን ሳያነሳ «ስም?» አለ።

«ትንግርት ዘርጋው።»

ቀና አለ። የጠያቂው ወንበር ላይ ልጁ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

«የሚቀየረው ምንድን ነው?» አለ፣ ደንቡ ስለሚያዝ።

«ባለ እጆች ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ ይብሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። አንድ ብቻ አይደል የሚፈቀደው?»

ዘርጋው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «ትንግርት፣ እባክሽ እቤት እንነጋገር» አላት።

«እቤት የምቀመጥበት ጠረጴዛ የለኝም፣ ጌታዬ» አለች፣ እንደማያውቀው ሰው። «ተራዬ ነው። ያስጀምሩልኝ።»

ከኋላዋ የቆመ አንድ ሰው ሰዓት እየሄደ መሆኑን አሳሰበ። ዘርጋው ሞላው።

ደንቡ መጀመሪያ ያልተቀየረውን አሳይ ይላል። ስም የሌላት አንዲት ሸለቆ ግድግዳውን ሞላች። አንድ ገበሬ የተሰበረ ማረሻ ይዞ ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ አጥር ውጭ ቆመ። ብረቱን ወደ ግቢው ወረወረና ሄደ። ቀጥቃጩ አንስቶ ጠገነው፣ አጥሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠለት። ገበሬው በማግስቱ መጥቶ ማረሻውን በሣር ጠርጎ አነሳ፣ ይዞ የመጣውን እህል እዚያው መሬት ላይ አፍስሶ ተመለሰ። በመካከላቸው አንድ ቃል አልተነገረም። በሚቀጥለው ክረምት ማረሻው እዚያው ቦታ ላይ ተሰበረ። ገበሬው እንደገና ወረወረ። ልጁም ወረወረ፣ የልጅ ልጁም። ቀጥቃጩ በበኩሉ ከሰው ተሸሽጎ የተለየ ብረት ለማውጣት ሲታገል ይታያል። አንድ ጊዜ የተሳካለት ይመስላል፤ ብረቱን ለብቻው እያገላበጠ ፈገግ ሲል ይታያል። ከዚያ ሞተ። ያወቀውን የጠየቀው አልነበረም።

ዘርጋው ለውጡን አስነሳ።

ያው ሸለቆ፣ ያው ገበሬ፣ ያው የተሰበረ ማረሻ። አሁን ግን ሰዎቹ አንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ገበሬው አፉ እንደሞላ፣ «ይቺ ነገር እኮ ሁልጊዜ የምትሰበርብኝ እዚህ ጋ ነው» አለ፣ በጣቱ እያሳየ።

«የት ጋ?» አለ ቀጥቃጩ።

«እዚህ። ድንጋይ ስትነካ።»

«ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

ሁለቱም ሳቁ። አጠገባቸው የሚበላ ዲያቆን ብረቱ ምን ያህል እንደሚግል ጠየቀ። ቀጥቃጩ ለዚያ የሚሆን ቃል አልነበረውም፤ እጁ እንጂ አፉ አያውቀውም። እስኪቀላ፣ አለ። ምን ዓይነት ቅላት? እንደ ደም? እንደ እሳት? ሲከራከሩ ምግቡ ቀዘቀዘ። ዲያቆኑ የተስማሙበትን በመዝሙረ ዳዊቱ ኅዳግ ላይ ጻፈው። ብራናው ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ሌላ አገር ላለ ሌላ ቀጥቃጭ ተነበበለት፣ «ተሳስቷል» አለና እሱም የራሱን አስጻፈ። የቀጥቃጩ ልጅ የቆሎ ተማሪ ሆነ። ከወንዝ ዳር ውሃ የሚነፋው ወናፍ ታየ። ዘመናት ግድግዳው ላይ ነጎዱ። ደሴቲቱ ላይ ጭስ ተነሳ፣ እንደ ወትሮው። ከዚያ ደሴተኞቹ የመጀመሪያ ልጆቻቸውን ድረው ሳይጨርሱ፣ በዚያች ስም የለሽ ሸለቆ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ሰዓት ሄደ ሲል የነበረው ሰውዬ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

ትንግርት ተነሣች። «አመሰግናለሁ» አለችና ወጣች።

ዘርጋው አላመነም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ለውጡን ደጋግሞ አስነሳው። አንዳንዴ ጭሱ ዘግየት ይላል፣ አንዳንዴ ከሌላ ሸለቆ ይነሳል፣ ግን አልቀረም። የዳግም ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ስመኝ ከኋላው ቆማ ታይ ኖሯል።

«ይህ በበዓሉ አይታይም» አለች።

«ጭሱን ያቀረበው ይመረጣል ተብሎ የለ?»

«ዘርጋው፣ ሰው እኮ ልጆቹን ይዞ ነው የሚያየው። ቤቱ ተመልሶ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚበላው። ምን ብሎ ይብላ?» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ድንጋይ ከሰሉን እናድርገው። ከጦርነቱና ከግብሩ ጋር ስናዳብለው ትንሽ ጭስ ያሳያል። ድንጋይ ከሰል ማንንም አያስቀይምም። አንተ ብቻ አረጋግጥልኝ።»

መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። በኋላ ሲያስበው የሚያንገበግበው ዝም ማለቱ አልነበረም፤ ደስ መሰኘቱ ነበር። ከትከሻው ላይ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለው። መዳፉን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ። ይህኛው ሰሌዳ እንደ ቤቱ መጣያ አይደለም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀውም።

ነገር ግን ያየውን ካየ በኋላ ዝም ብሎ መኖር አልሆነለትም። እቤቱ እንደገባ ኩሽና ቆማ የምትበላው ልጁ ጋ ሄደ። በመንገድ ሁሉ ሲለማመድ የመጣውን ቃል አፈሰሰው።

«ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። በዓይኔ አየሁት። እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጋር ቢበሉ ኖሮ የራሳችን ባቡር፣ የራሳችን ፋብሪካ በጊዜ ይኖረን ነበር። ስንት ነገር ነው ያጣነው! እንደነሱ ያለ ሰው ገፍተን...»

ትንግርት ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂኝ።»

«ጭሱ ባይነሳስ ኖሮ?»

«እንዴት?»

«ጭሱ ባይነሳ፣ ባቡሩም ባይመጣ። አብረውን በልተው ምንም ባይፈጠር። ያን ጊዜ ብርጭቆውን መጣልህ ልክ ይሆን ነበር?»

ዘርጋው ወደ መጣያው አየ።

«ናሁሰናይ ባቡር አይሠራም» አለች። «አውቶቡስ ነው የሚመድበው። እሱንም አንዳንዴ ይሳሳታል። ባቡር ስላስቀረህ ከቆጨህ ሒሳቡን ከአገሪቱ ጋር ተሳሰብ። እኔ የምልህ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አባቱ ነው። ውሃ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።»

ኩባያዋን አጥባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ዘርጋው ኩሽናው ውስጥ ቆሞ ቀረ። መጣያው አጠገቡ ነው። ሲቀርቡት ክዳኑን የመክፈት ልማድ አለውና ከፈተለት፣ የሚጥለው ነገር እንደሌለ ሲያይ መልሶ ዘጋው። ይህን ያህል ያፈረበት ጊዜ ትዝ አላለውም።

በበዓሉ ቀን የክት ልብሱን ለበሰና ወደ ቀጸላ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። ብርነሽ ዓይኗ ፈጠጠ።

«የሴት አባት ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ የት አገር ታይቷል?»

«የወንድ አባትም መጥቶ ነበር።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች፣ አንገትጌውን እያስተካከለችለት። «ማዕዱን ተመለሽ ያልከኝ ግን አንተ ነህ። እኔን እንዳታነሳኝ። ለራስህ ሂድና ለራስህ ተናገር።»

የቀጸላ ቤት በአውቶቡስ አሥራ አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ወይዘሮ አትክልት ናት። ስታየው ለአፍታ ደንገጥ አለች፣ ወዲያው «እንዴ፣ አቶ ዘርጋው! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። ምሳ ላይ ነበሩ። ቆጣሪ ጠረጴዛቸው ወፍራም ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። መካከል ላይ በተዘረጋው ገበታ ዙሪያ ቀጸላ፣ ናሁሰናይና ትንግርት ተቀምጠዋል። ትንግርት እጅጌዋን ሰብስባ ከእነሱ ጋር ትበላለች። አባቷን አየችው፣ ምንም አላለችም። የቆርቆሮ ኩባያዋ የለም፤ ከፊቷ ያለው የቤቱ ብርጭቆ ነው።

ቀጸላ ተነሥቶ ተቀበለው። ግድግዳው ላይ የበዓሉ ዝግጅት ይታያል። ዘርጋው ያረጋገጠው ጭስ ከአንድ ተራራ ሥር እየተነሳ ነው፣ ተናጋሪዋም ድንጋይ ከሰል አለመኖሩ እንዴት እንዳዘገየን ታብራራለች።

«የእርስዎ መሥሪያ ቤት አይደል?» አለ ቀጸላ። «አያቴ ይህን ቢሰማ ኖሮ ይስቅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ሲያከስል፣ ወናፍ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። እና እውነት ድንጋይ ከሰሉ ነው?»

«እሱም አለበት» አለ ዘርጋው።

ትንግርት ቀና ብላ አየችው።

«እሱም አለበት» ሲል ደገመ፣ «ግን ሌላውን አይቼ እንዲደበቅ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ማረጋገጫዬን አነሳለሁ። የመጣሁት ግን ለዚህ አይደለም። የመጣሁት ለልጆቹ ነው። ያን ዕለት እናስብበት ያልኩት ውሸቴን ነው። የማስበው ነገር አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን አይቼ ነው።»

ናሁሰናይ ወደ አባቱ አየ። ቀጸላ ግድግዳውን ዘጋው፣ ጭሱ ጠፋ።

«ልጆቹን እኔ አልከለክልም» አለ በመጨረሻ። «እርስዎም ካልከለከሉ ይጋቡ።»

«አልከለክልም።»

«እንግዲያው አለቀ። እግዚአብሔር ይባርካቸው።»

ትንግርት ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። ናሁሰናይ ሊስቅ ጀምሮ፣ የሚገባ መሆን አለመሆኑን ሳያውቅ መሐል ላይ አቆመው። አትክልት እልል ልትል ቃጣት፣ ግን ወደ ጓዳ ገባችና ስትመለስ ትንሽ ጠረጴዛ ይዛ መጣች። መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። አዲስ ሳህን፣ አዲስ ማንኪያ አደረገችበት፣ ብርጭቆም አኖረች፤ የፋብሪካው ወረቀት ገና አልተላጠለትም።

«ይቅመሱልን» አለች። «ማንም አልነካውም። ምናልባት አንድ ቀን ቢመጡ ብዬ ትንግርት ስለ እናንተ ካወራችልን ጊዜ ጀምሮ ለብቻው ያስቀመጥኩት ነው።»

ነገር አልነበረባትም። እንግዳ እንዳይቸገር የምትጨነቅ ሴት ድምፅ ነው። ዘርጋው ሳህኑን አየ። ከዚያ ሳህኑን እዚያው ትቶ ወደ ትልቁ ገበታ ሄደ፣ ትንግርት አጠገብ ተቀመጠና እጁን ወደ ምግቡ ዘረጋ።

ቀጸላ እጁን ከገበታው ላይ አነሳ። አትክልትም አነሳች። ናሁሰናይ ትንሽ አመንትቶ አነሳ። የተጣሉ አይመስሉም፣ አልተቆጡም፤ መኪና ሲመጣ ከመንገድ ዘወር እንደሚባለው ነው ያደረጉት።

«ለምን አነሳችሁ?» አለ ዘርጋው። «እባካችሁ። አብረን እንብላ ብዬ ነው።»

«ልማድ ሆኖብን ነው» አለ ቀጸላ፣ ጣቶቹን በጨርቅ እየጠረገ። «እንግዳ ወደ ገበታችን ሲቀርብ እጃችንን እናነሳለን። እናቴ ናት ያስተማረችን። በኋላ ቤቱ ገብቶ እንዳይጸጸት።»

«አልጸጸትም።»

«አቶ ዘርጋው» አለ ቀጸላ በዝግታ፣ «ያን ዕለት እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ከኋላ ነበር የምወርደው። መጣያችሁ ድምፁ ከፍ ያለ ነው።»

ዘርጋው እጁ ገበታው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ሁለቴ ነው የጠየቀዎት» አለ ቀጸላ።

ትንግርት እንኳ ይህን አታውቅም ነበር፤ ቀጸላ ለልጁም ለሚስቱም አልነገረም። ዘርጋው የሚለው ነገር ፈለገ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፣ ሲያወጣው ግን ለዚህ የሚበቃ አልሆነም። ቀጸላም ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፣ አልናቀውም።

«እንለምደዋለን» አለ። «ልጆቹ ይጋባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ እኔና እርስዎም ቀስ እያልን እንለምደዋለን። ለዛሬ ግን በየራሳችን እንብላ።»

ዘርጋው ተነሣና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። አትክልት ወጥ ጨመረችለት። «ይብሉልን እንጂ» አለችው፣ እሱም በላ። ብርጭቆው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ሊልጠው ሞከረ፣ አልለቅ አለው። ከኋላው እጆቹ ወደ ገበታው ተመለሱ። ናሁሰናይ ስለ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ማውራት ጀመረ፤ ሁልጊዜ አንድ ዳገት ላይ እንደሚቆምበት።

«የት ጋ ነው የሚቆመው?» አለ ቀጸላ።

«ዳገቱን ሊጨርስ ሲል። እዚያች መታጠፊያ ላይ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

ትንግርት ሳቀች። ዘርጋው ስለዚያ መታጠፊያ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ በየቀኑ ያልፍበታል። ዘወር ብሎ ሊናገር አሰበ። ከዚያ የጠየቀው እንደሌለ ትዝ አለውና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።